አመጋገብ፣ ኮሌስትሮልና ስብ የሚያቀነባብሩ የጉበት ኢንዛይሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ኮሌስትሮል ወሬ ሲነሳ ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ሳህኑ ላይ ነው። «ይሄ ኮሌስትሮል አለው፣ ያኛው የለውም» ይባልና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት የመጣለትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያጠራቅም አካል አይደለም፤ የገባውን እየመዘነ ስብ የሚሠሩ፣ የሚያቃጥሉና የሚያከማቹ ኢንዛይሞቹን (በሕዋስ ውስጥ ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን) ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ምግብ ከያዘው ኮሌስትሮል ይልቅ ለእነዚህ ኢንዛይሞች የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የሚያጠነጥኑት በዚህ ላይ ነው።

«የጉበት ኢንዛይምህ ከፍ ብሏል» ተብያለሁ። እዚህ የሚወራው ስለ እነዚያ ነው?

አይደለም። ይህ መምታታት በጣም ስለሚበዛ መጀመሪያ እሱን ማጥራት ይሻላል። በደም ምርመራ የሚለኩት ኤኤልቲና ኤኤስቲ ሥራቸው ከአሚኖ አሲድ ጋር ነው፤ ቦታቸውም ሕዋስ ውስጥ ነው። የጉበት ሕዋስ ሲቆጣ ወይም ሲጎዳ ሾልከው ወደ ደም ይገባሉ። ስለዚህ መጨመራቸው ጉዳት መኖሩን ይጠቁማል እንጂ ጉበት ስብ በማቀነባበር መበርታቱን ወይም መድከሙን አይናገርም። ኤኤስቲ ጡንቻ ውስጥም ስላለ ከከባድ ስፖርት በኋላ ሊጨምር ይችላል።

ስብ የሚሠሩትና የሚያቃጥሉት ኢንዛይሞች በተለመደው የደም ምርመራ አይለኩም። የሚታወቁት በሥራቸው ውጤት ነው፦ በትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስብ)፣ በኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ ጉበት ላይ በተጠራቀመው ስብ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፤ ጉበታቸው ላይ ስብ የተጠራቀመባቸው ብዙ ሰዎች ኤኤልቲያቸው ደህና ሆኖ ይገኛል። «ኢንዛይሜ ኖርማል ነው» ብሎ መዘናጋት ጥሩ አይደለም።

ታዲያ ስብ የሚያቀነባብሩት የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ናቸው፤ እዚህ የሚያስፈልጉንን ብቻ ልጥቀስ። ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ የኮሌስትሮልን ምርት ፍጥነት ይወስናል። አሴታይል-ኮኤ ካርቦክሲሌዝና ፋቲ አሲድ ሲንቴዝ ከትርፍ ስኳር አዲስ ስብ ይሠራሉ። ዴሳቹሬዝ የሚባሉት የስቡን ሰንሰለት ቅርጽ ይለውጣሉ። ሲፒቲ-1 ስብ ማይቶኮንድሪያ ወደሚባለው የሕዋስ ማቃጠያ ገብቶ እንዲቃጠል በሩን ይከፍታል። አካት-2 ትርፍ ኮሌስትሮልን ከቅባት አሲድ (ስብ ከሚሠራባቸው ሰንሰለቶች አንዱ) ጋር አጣምሮ ለማከማቻ ያዘጋጃል። ሲፕ-7ኤ1 ደግሞ ኮሌስትሮል ወደ ሐሞት አሲድ (ስብ እንዲፈጭ ወደ አንጀት ወደሚፈሰው) የሚለወጥበትን መንገድ ይጀምራል።

ኮሌስትሮል ያለው ምግብ ስበላ ጉበቴ ውስጥ ምን ይሆናል?

አንድ ዕንቁላል እንከተል። አስኳሉ ውስጥ 200 ሚሊግራም የሚጠጋ ኮሌስትሮል አለ። በአማካይ ግማሽ ያህሉ በትንሹ አንጀት ይመጠጣል፤ የቀረው ከሰገራ ጋር ይወጣል። የተመጠጠው ካይሎማይክሮን በሚባሉ የስብ እንክብሎች ተጭኖ በሊምፍ በኩል ደም ውስጥ ይገባል። ጡንቻና የስብ ሕዋሳት ከእንክብሉ ትራይግሊሰራይዱን ይወስዳሉ፤ ቅሪቱ ኮሌስትሮሉን እንደያዘ ጉበት ይደርሳል።

በጉበት ሕዋስ ውስጥ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባል የተጣጠፈ ሽፋን አለ። በዚህ ሽፋን ላይ ያለው ኮሌስትሮል ከሽፋኑ ቅባት 5 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ስካፕ የተባለ ፕሮቲን ለውጡን ይለያል። ስካፕ ኤስሬብ-2 የተባለውን የጂን አዛዥ ተሸክሞ የሚሄድ ነው፤ ኮሌስትሮሉ ሲበዛ ግን ኢንሲግ ከተባለ ሌላ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ እዚያው ይቀራል። አዛዡ ጂኖቹ ወዳሉበት ወደ ኒውክሊየስ ካልደረሰ የኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ ጂን ይቀዘቅዛል። ቀድሞ የተሠራው ኢንዛይምም ቶሎ እንዲፈርስ ይደረጋል። ጉበት የራሱን ምርት ቀነሰ ማለት ነው። ኮሌስትሮሉ ሲያንስ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፦ ኤስሬብ-2 ይለቀቃል፣ ኢንዛይሙ ይበዛል።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ የምንበላው ኮሌስትሮል ምንም ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን ኤስሬብ-2 የሚያዝዘው ሌላም ጂን አለ፦ ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅመውን ተቀባይ። ኮሌስትሮል ሲገባ ምርቱ ይቀንሳል፤ አብሮም የተቀባዩ ቁጥር ይቀንሳል። ያኔ ኤልዲኤል ደም ውስጥ ይቆያል። የአንድ ሰው ኤልዲኤል ዕንቁላል ስለበላ የሚጨምረው ወይም የማይጨምረው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ሚዛን ነው።

ጆሴፍ ጎልድስታይንና ማይክል ብራውን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ስለ ኮሌስትሮል ቁጥጥር ባገኙት ግኝት ነው። ኤስሬብን የደረሱበት ከሽልማቱ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው። ተሸልመው አለመቀመጣቸው ለእኔ ከሽልማቱ የበለጠ ያስከብራቸዋል።

እንግዲያው ዕንቁላል እንደ ልብ ይበላ?

ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ዕንቁላል የሚፈራ ምግብ አይደለም። ሰውነት በቀን ከምግብ ከሚያገኘው በላይ ኮሌስትሮል ራሱ ይሠራል፤ ከውጭ ሲገባለትም ከላይ እንዳየነው የራሱን ይቀንሳል። የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ ለረጅም ጊዜ ይዞት የነበረውን በቀን የ300 ሚሊግራም ገደብ እ.ኤ.አ. በ2015 ያነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ግን «የፈለጉትን ያህል ይብሉ» ማለት አይደለም። የሰው አንጀት እኩል አይመጥም፤ የአንዱ ጉበት ምርቱን ቶሎ ሲቀንስ የሌላው ይዘገያል። ስኳር በሽታ ያለበት ወይም በዘር የወረደ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይወስን። ደግሞ ዕንቁላሉ የተጠበሰበትን ስብ አይርሱ፤ ከዕንቁላሉ የባሰው እሱ ሊሆን ይችላል።

በእንስሳት ላይ የተደረጉት ጥናቶች ለምን ይለያያሉ?

ጉበታቸው ስለሚለያይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኒኮላይ አኒችኮቭ ሩሲያ ውስጥ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል እየመገበ የደም ሥሮቻቸው ግድግዳ በስብ ሲደነድን አሳየ። ያንኑ ምግብ ለአይጥ ብትሰጡት ብዙም አይሆንም። አይጥ ኮሌስትሮል ሲበዛባት ሲፕ-7ኤ1 የተባለውን ኢንዛይም ከፍ አድርጋ ትርፉን ወደ ሐሞት አሲድ ትለውጠዋለች። የሰው ሲፕ-7ኤ1 ጂን ለኮሌስትሮል እንዲህ አይታዘዝም። ስለዚህ «በአይጥ ላይ ተረጋገጠ» የሚል ዜና ስታነቡ፣ በተለይ ነገሩ ስለ ኮሌስትሮል ከሆነ፣ ቆም በሉ።

የሚረጋ ስብ ኮሌስትሮል ባይኖረውም ኮሌስትሮል ይጨምራል የሚባለው ለምንድን ነው?

ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋው ስብ፣ በጉበት ላይ ያሉትን የኤልዲኤል ተቀባዮች ሥራ ያዳክማል። ከዕፅዋት የተገኘ ሆኖ አንዲት ሚሊግራም ኮሌስትሮል ባይኖረው እንኳ ያው ነው፤ የኮኮናት ዘይትና የፓልም ዘይት ጥሩ ምሳሌ ናቸው። «ኮሌስትሮል የሌለበት» የሚል ጽሑፍ እነዚህ ዘይቶች ላይ ተለጥፎ ሲታይ ውሸት አይደለም፤ ገዢውን ግን ያሳስተዋል።

አንዱ ምክንያት አካት-2 ላይ ነው። ይህ ኢንዛይም ኮሌስትሮልን ለማከማቸት ቅባት አሲድ ያጣምርበታል፤ ለዚህም የሚመርጠው እንደ ኦሌይክ አሲድ ያለውን፣ በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘውን የማይረጋ ስብ ነው። የማይረጋው ስብ በበቂ ሁኔታ ሲኖር ትርፍ ኮሌስትሮል ታሽጎ ይቀመጣል፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ይቀንሳል፤ ኤስሬብ-2 ይነቃል፤ ተቀባዩ ይበዛል። የሚረጋው ስብ ሲያይል ኮሌስትሮሉ ሳይታሸግ ይቀራል፤ ጉበትም «በቂ አለኝ» ብሎ ተቀባዩን ይቀንሳል። ስለዚህ ስብን ከነጭራሹ ከማስወገድ ይልቅ የሚረጋውን በፈሳሽ ዘይት፣ በለውዝ፣ በዓሣ መተካት ነው የሚጠቅመው። የሚረጋውን ስብ አውጥቶ በስኳርና በነጭ ዱቄት መተካት ግን አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ነው።

ትራንስ ፋት የሚባለው፣ በፋብሪካ በሃይድሮጅን የተጠናከረው ዘይት፣ ከሁሉም የከፋ ነው። ኤልዲኤልን ይጨምራል፣ «ጥሩ» የሚባለውን ኤችዲኤልን ይቀንሳል። ለእሱ ምንም ጥሩ ቃል የለኝም።

ስኳር ስብ አይደለም። እንዴት ጉበቴ ላይ ስብ ይሆናል?

ከሁሉ ጥያቄ ይህ ሰፊ መልስ የሚገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቅቤና ዕንቁላል አቁመው ትራይግሊሰራይዳቸው አልወርድ ያላቸው ሰዎች መልሱን የሚያገኙት ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

ምግብ ላይ የምንጨምረው ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ግሉኮስ ጉበት ውስጥ ሲገባ ፎስፎፍሩክቶካይኔዝ በተባለ ኢንዛይም በኩል ማለፍ አለበት። ይህ ኢንዛይም የሕዋሱን ጉልበት ይመዝናል፤ ጉልበቱ በቂ ከሆነ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍሩክቶስ ግን በሌላ ኢንዛይም፣ በኬቶሄክሶካይኔዝ በኩል ስለሚገባ ይህን ፍተሻ አልፎ ይሄዳል። የሚያስቆመው ስለሌለ ከፊሉ አሴታይል-ኮኤ የሚባል ስብ የሚሠራበት ትንሽ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። አሴታይል-ኮኤ ካርቦክሲሌዝ ወደ ማሎናይል-ኮኤ ይለውጠዋል፤ ፋቲ አሲድ ሲንቴዝ ደግሞ ሁለት ሁለት ካርቦን እየቀጠለ 16 ካርቦን ያለው ፓልሚቴት ይሠራበታል። ፓልሚቴት የሚረጋ ስብ ነው። ማለትም አንድ ሰው ሳቹሬትድ ስብ ሳይቀምስ፣ በጣፋጭ መጠጥ ብቻ፣ ጉበቱ ሳቹሬትድ ስብ እንዲሠራ ሊያደርግ ይችላል።

ትእዛዙ ደግሞ ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። ስኳሩ ራሱ ክሬብ የተባለውን የጂን አዛዥ ይቀሰቅሳል። ምግቡን ተከትሎ የሚወጣው ኢንሱሊን ኤስሬብ-1ሲን ያነቃል። ሁለቱም አንድ ላይ ስብ የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ጂን ከፍ ያደርጋሉ። የስኳር ጎርፉ በየቀኑ ከመጣ ኢንዛይሞቹ በዝተው ይኖራሉ፤ ጉበት ለስብ ሥራ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

የሚያሳዝነው ነገር የኢንሱሊን ትእዛዝ ሲደክም የሚሆነው ነው። ኢንሱሊን ጉበትን «ግሉኮስ መሥራት አቁም» ሲለው እምቢ ይላል፤ «ስብ ሥራ» ሲለው ግን መታዘዙን ይቀጥላል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን ባወጣ ቁጥር ስቡ ይብሳል። በደም ስኳርም በትራይግሊሰራይድም በአንድ ጊዜ የሚቸገሩ ሰዎች የሚበዙት በዚህ የተነሳ ነው።

ጉበታቸው ላይ ስብ በተጠራቀመባቸው ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት የስቡን ምንጭ ለይቶ ለክቶት ነበር። 60 በመቶ ገደማው ከሰውነት የስብ ክምችት ተለቅቆ የመጣ ነው፤ ሩብ ያህሉ ጉበት ራሱ አዲስ የሠራው ነው፤ ከምግብ ስብ በቀጥታ የመጣው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ሙሉ ፍራፍሬ እዚህ ውስጥ አይገባም። ፍሩክቶሱ ትንሽ ነው፣ ከፋይበር ጋር ነው፣ ቀስ ብሎም ነው የሚገባው። ጭማቂ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጉበቴ ስቡን እንዲያቃጥል ማድረግ እችላለሁ?

ማቃጠሉን የሚከለክለው ብዙ ጊዜ የስብ ሥራው ራሱ ነው። ከላይ ያነሳነው ማሎናይል-ኮኤ ሲፒቲ-1ን ይዘጋል። ጉበት ስብ እየሠራ ሳለ ስብ ወደ ማይቶኮንድሪያ እንዳይገባ የተደረገበት መንገድ ይህ ነው። ምግብ ሳይበሉ ሰዓታት ሲያልፉ ኢንሱሊን ይወርዳል፤ የኢንሱሊን ተቃራኒ የሆነው ሆርሞን፣ ግሉካጎን፣ ይነሳል፤ ማሎናይል-ኮኤ ይቀንሳል፤ በሩ ይከፈታል። ፒፓር-አልፋ የተባለው አዛዥ ደግሞ የማቃጠያ ኢንዛይሞቹን ጂኖች ያነሳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጡ መቆርጠምና ጣፋጭ መጠጥ መጎንጨት በሩን ዘግቶ እንደመዋል ነው። በሌሊት ያለ ምግብ የሚታለፉት ሰዓታት ብዙ ይሠራሉ። እንቅስቃሴም እንዲሁ ይረዳል፤ ክብደት ባይቀንስ እንኳ የጉበት ስብ በስፖርት ሊቀንስ ይችላል።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ያለ ሐኪም ምክር ለረጅም ሰዓት ከምግብ አይራቅ፤ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

የዓሣ ዘይት ትራይግሊሰራይድ የሚቀንሰው እንዴት ነው?

በዓሣ ውስጥ የሚገኙት ኦሜጋ-3 ቅባቶች ኤስሬብ-1ሲን ያዳክማሉ፤ አዲስ ስብ መሥራት ይቀንሳል። በዚያው ልክ ማቃጠሉን ያበረታታሉ። በሕክምና የሚሰጠው መጠን በቀን ከ2 እስከ 4 ግራም ነው፤ ይህን ያህል በራስ ፈቃድ የሚወሰድ አይደለም። ዓሣ መብላት ግን ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነው።

የምንበላው ኮሌስትሮል ዴሳቹሬዞችንም ይነካል። በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ኮሌስትሮል የበዛበት ምግብ የሚረጋ ስብን ወደ ኦሌይክ አሲድ መሰል የማይረጋ ስብ የሚለውጠውን ዴልታ-9 ዴሳቹሬዝን ሲጨምር፣ ረጃጅም ኦሜጋ-3ና ኦሜጋ-6 ቅባቶችን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ዴልታ-6 ዴሳቹሬዝን ሲቀንስ ታይቷል። ስለ አይጥና ስለ ሰው ከላይ ያልኩት እዚህም ይሠራል።

ፋይበር ኮሌስትሮል ያወርዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ መንገዱም ያምራል። በአጃና በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ-ግሉካን አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ሐሞት አሲድን ይይዛል። በተለመደው ጊዜ አብዛኛው ሐሞት አሲድ ከአንጀት ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ ሲመለስም «በቂ አለ» ብሎ ሲፕ-7ኤ1ን ያዳክማል። በፋይበር ተይዞ ከወጣ ግን ጉበት አዲስ ሐሞት መሥራት ይኖርበታል፤ ለዚያም ኮሌስትሮል ይፈልጋል፤ ተቀባዮቹን አብዝቶ ከደም ኤልዲኤል ይለቅማል። በቀን 3 ግራም ቤታ-ግሉካን ለውጥ ያመጣል።

ቡናስ?

በወረቀት የተጣራ ቡና ብዙም ችግር የለውም። ያልተጣራ የፈላ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት ይይዛል፤ ይህ ቅባት ሐሞት አሲድ የሚሠራበትን መንገድ ስለሚያዳክም ኤልዲኤልን ይጨምራል። የወረቀት ማጣሪያ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ኤልዲኤሉ ከፍ ያለበትና በቀን ብዙ ስኒ የሚጠጣ ሰው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

አልኮልስ?

አልኮል ሲፈርስ ስብ ማቃጠሉ ይዘጋል፣ ስብ መሥራቱ ይጨምራል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ስታቲን እየወሰድኩ ነው። አመጋገቤን መጠንቀቅ ለምን ያስፈልገኛል?

ስታቲን ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት ነው፤ የኮሌስትሮልን ምርት የሚወስነውን ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝን ይዘጋል። የመጀመሪያውን ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ ነው ያገኘው፤ ሎቫስታቲን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ተፈቀደ። ኢንዛይሙ ሲዘጋ ጉበት ኮሌስትሮል ያንሰዋል፤ ተቀባዮቹን ያበዛል፤ ኤልዲኤል ከደም ይለቀማል። ዋናው ጥቅም ከዚህ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ጉበት ጎን ለጎን ኢንዛይሙን ራሱንም አብዝቶ ይሠራል፤ ተቀባዩን የሚያፈርሰው ፒሲኤስኬ-9ም ይጨምራል። የመድኃኒቱን መጠን እጥፍ ማድረግ ኤልዲኤልን በተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ የሚቀንሰው በዚህ የተነሳ ነው። የሚረጋ ስብ መቀነስና ፋይበር መጨመር ግን በሌላ በኩል ያንኑ ተቀባይ ያግዛሉ። መድኃኒቱ የቀረውን ይሠራልኝ ብሎ እንደፈለጉ መብላት መድኃኒቱን ማባከን ነው። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው።

ቀጭን ነኝ፣ ጥሩም እበላለሁ፤ ኤልዲኤሌ ግን ከፍ ያለ ነው። ምን አጠፋሁ?

ምንም አላጠፉ ይሆናል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የኤልዲኤል ተቀባዩ ጂን መጓደል ነው። ይህን አመጋገብ ብቻውን አያስተካክለውም። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ የልብ ሕመም የያዘው ካለ ሳይዘገዩ ይመርመሩ፤ ወንድምና እህት፣ ልጆችም ይመርመሩ።

ጉበት የሚያጥቡ ሻይና ጭማቂዎች ይሠራሉ?

ኢንዛይሞቹን የሚያስተካክል ሻይ የለም። በ«ማጠቢያ» ስም ከሚሸጡት የዕፅዋት ውጤቶች መካከል ጉበትን ክፉኛ የጎዱ አሉ። ጉበቱ የተቸገረ ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ጉዳት ሲገዛ ማየት ያማል፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

አመጋገቤን ከቀየርኩ ለውጡ መቼ ይታያል?

ኢንዛይሞቹ ቶሎ ይለወጣሉ፤ ስብ የሚሠሩት በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይወርዳሉ። ትራይግሊሰራይድ በሳምንታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። ኤልዲኤል ከ4 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ቢለካ ነው ትክክለኛውን የሚያሳየው፤ በሁለተኛው ሳምንት ተለክቶ «አልሠራም» ማለት ተገቢ አይደለም። የጉበት ስብ ወራት ይፈልጋል፦ ክብደት 5 በመቶ ሲቀንስ ስቡ መቀነስ ይጀምራል፤ የጉበቱ መቆጣት እንዲበርድ ደግሞ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ያስፈልጋል። በጾም ሆድ ይለኩ ከተባሉ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሳይበሉ ይሂዱ፤ ውሃ መጠጣት ይችላሉ። የቀድሞውን ውጤት ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ነው መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው።